አውድማው ላይ የነጠረችው ኳስ

ባለፈው ኅዳር ልጄን ይዤ ታች ጋይንት፣ አባቴ ቤት ሄጄ ነበር። ከመካነ ኢየሱስ ተነሥተን፣ ደብረ ታቦር ላይ መኪና ቀይረን፣ አርብ ገበያ ስንደርስ አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር። ልጄ በዚህ ዓመት ቁመቷ እንደ ጉድ ተመዟል፤ የምገዛላት ቀሚስ ሁሉ ሳያልቅ ያጥራል። ከመኪናው ስትወርድ "ጎንበስ በይ፣ ራስሽን!" አልኳት። ሳልጨርስ ተመታች። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ አስቀድሜ ፈርቼ፣ አስቀድሜ ተናግሬ፣ የፈራሁት ከመድረስ አይቀርም።

ግቢ ስንገባ የወንድሜ ሚስት አውድማ ትለቀልቅ ነበር። ለውቂያ የተደለደለውን ክብ መሬት፣ ትኩስ እበት በውኃ በጥብጣ፣ በመዳፏ እያዳረሰች። ልጄ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ግን እቃዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እርጥብ እበት ሣር ሣር ይሸታል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ትንሽ ወተት ወተት ይላል። ለሌላው ሰው የከብት ሽታ ነው። ለእኔ ግን የእህቴ የቅርጫት ኳስ ሽታ ነው፤ ሲሸተኝ ዛሬም ወገቤን ያመኛል።

"እማ፣ አክስቴ እውነት ኳስ የጀመረችው እዚህ ነው?" አለችኝ ልጄ።

"እዚህ ነው።"

"ሜዳው የታል?"

"የቆምሽበት ነው። ውረጂ እንጂ፣ ሰው የለቀለቀውን ትረግጫለሽ!"

ስለ እህቴ ብዙ ተብሏል። ኮሌጅ ገብታ የኮሌጁን ቡድን እንደመራች፣ ከዚያም አዲስ አበባ ክለብ ቀጥሯት በደሞዝ እንደተጫወተች፣ ዋንጫ እንዳነሣች በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ በልጄ ስልክም አይቻለሁ። ጠያቂዎቹ ሁሉ "ለዚህ ያበቃሽ ማን ነው?" ይሏታል። እሷም ፈጣሪን ታመሰግናለች፣ አሰልጣኞቿን ታመሰግናለች፣ መጨረሻ ላይ "ቤተሰቦቼን" ትላለች። እዚያ ውስጥ እኔም አለሁበት። ከበሬዎቹ ጋር ማለት ነው።

ስለ ዋንጫው የሚናገር ሞልቷል። ስለ እበቱ የሚናገር ግን አንድም ሰው አላየሁም። ስለዚህ እኔ ልናገር።

*

እህቴ ደብሪቱ ትባላለች። ታላቄ ስለሆነች እታለም እላታለሁ። ያን ጊዜ እሷ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፣ እኔ ሁለተኛ። ወንድማችን ገና ይታዘል ስለነበር አባታችን ከእኛ ሌላ የሥራ እጅ አልነበራቸውም። ሰው እታለምን ሲያይ መጀመሪያ ወደ ላይ ያያል፣ ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ "ምን እያበላሽ ነው ያሳደግሻት?" ይላል። እናቴም "ምን አለኝ፣ ገብስ ነዋ!" ትላለች። ያንኑ ገብስ እኔም እበላ ነበር። እኔ ግን የጎተራውን ወገብ አላልፍም ነበር።

ስለዚህ እኔ ራሴ ምክንያት ፈለግሁለት። እታለም ኳስ ስትጫወት እየዘለለች እጇን ወደ ሰማይ ትዘረጋለች፤ ሰው እንዲህ ሲንጠራራ አጥንቱ እንደ ሊጥ ይሳባል አልኩ። ኳሷን እንድይዝ ስትሰጠኝ እፈራ የነበረው ለዚህ ነው። ሳላስበው ብረዝም በር ላይ ግንባሬ ሲፈነከት፣ በመንገድ ላይ ሲሳቅብኝ ይታየኝ ነበር። አንድ እህት ረጅም መሆኗ ይበቃል።

የትምህርት ቤቷን ሜዳ አንድ ቀን ወደ ገበያ ስንሄድ አይቼዋለሁ። ሁለት ብረት ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ክብ ብረት ተንጠልጥሏል።

"እታለም፣ ቅርጫቱ ታቹ የለውም እኮ" አልኳት።

"እንዲወድቅ ነው።"

"ኳሱ?"

"አዎ።"

"የሚወድቅ ከሆነ ለምን ትከቺዋለሽ?"

"እንደገና ለመክተት።"

ፊደል የቆጠረ ሰው እንዲህ የሚሆን ከሆነ እኔስ ለምን እማራለሁ ብዬ ተናደድኩ።

የዚያ ሜዳ ችግሩ ጠጠሩ ነበር። ኳሷ ጠጠር ላይ ስትነጥር ወደ ፈለገችበት ትሄዳለች፤ አንዴ ወደ አጥሩ፣ አንዴ ወደ ሰው ፊት። የስፖርት መምህሯ ቲቸር ሰናይት እታለም ብብት ሥር የምታልፍ ትንሽዬ ሴት ነበረች፤ ድምጿ ግን አርብ ገበያን ይሻገር ነበር። በጥር፣ ከገና በኋላ ባለው ዓርብ፣ የትምህርት ቤቶች ውድድር ደብረ ታቦር ስላለ እታለምን "ቤትሽም ቢሆን ልመጂ፤ ኳስ ሳታይ ማንጠር ካልቻልሽ ቁመትሽ ብቻውን ዋጋ የለውም" አለቻት፤ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እንድትወስድ ትምህርት ቤቱ ያለውን አንድ ኳስ ሰጠቻት። እታለም ኳሷን በነጠላ እንደ ሕፃን አዝላ መጣች። መንገድ ላይ ያዩዋት ሴቶች "ደብሪቱ ወለደች" ብለው ለእናቴ ነግረዋት፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቃት ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ነጠላው ተፈትቶ ኳስ ሲወጣ እናቴ ተንበርክካ መሬት ሳመች። ከዚያ ተነሥታ እታለምን በጥፊ መታቻት።

*

አሁን ስለ አውድማው ልንገራችሁ። አባዬ ጫማቸውን የሚያወልቁት ሁለት ቦታ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡና አውድማ ሲገቡ። እህል በእግዚአብሔር እጅ የሚሰጠው እዚያ ስለሆነ አውድማ ላይ አይሳደቡም፣ አይተፉም፣ ያልሆነ ወሬ አያወሩም። በእኛ ቤት ሕግ ደግሞ ከውቂያ በፊት አውድማ መለቅለቅ የሴት ሥራ ነው፤ በሬ ከገባ በኋላ ግን ሴት አትረግጠውም። እበቱን የሰበሰብኩ እኔ፣ ያቦካሁ እኔ፣ ያለሰለስኩ እኔ፤ በሬ ሲፈነጭበት ግን በረከት እንዳይሸሽ ከዳር የምቆመው እኔ። ይህ ያን ጊዜም አልገባኝም። አሁንም የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

የዚያ ዓመት መለቅለቅ በእኔ ላይ ወደቀ። አባዬና እናቴ አጨዳ ላይ ይውላሉ። እኔ ማለዳ ተነሥቼ እበቱ ሳይደርቅ ከበረቱ እሰበስባለሁ፣ ውኃ እጨምራለሁ፣ በእግሬ እረግጣለሁ፣ ከዚያ ከመሐል ጀምሬ ወደ ዳር እየተንፏቀቅሁ እለቀልቃለሁ። ጨርሼ እጄን ታጥቤ ቀና ስል፣ እታለም ኳሷን በወገቧ ይዛ ቆማለች።

"ደርቋል?"

"አልደረቀም። ሂጂ።"

"ዳር ዳሩ ደርቋል እኮ።"

"እታለም፣ ሂጂ ብዬሻለሁ!"

"እንጉዴ፣ የኔ እናት፣ ቀስ አድርጌ ነው የማነጥራት።"

ቀስ ማለት እሷ ዘንድ ምን እንደሆነ አላውቅም። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ! የደረቀው እበት እንደ ቂጣ ቅርፊት ይነሣል፤ ያልደረቀው ላይ ክብ ክብ ምልክት ይታተማል። እኔ ከዳር ሆኜ አለቅሳለሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ዙሪያውን ትሮጣለች፤ በቀኝ እጇ፣ በግራ እጇ፣ በእግሯ መሐል። አውድማው ልስልስ ስለነበር ኳሷ ከእጇ አትወጣም ነበር፤ ወጥታ ብትጠፋ ደስ ባለኝ።

ደክሟት ስትቆም ደግሞ ሌላ ሥራ ይመጣል። "ነይ፣ ፊት ለፊቴ ቁሚ። እጅሽን ዘርጊ። እንዳታሳልፊኝ" ትለኛለች። እኔ እጄን ዘርግቼ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ነፋስ ይነካኛል፤ ስገልጥ እሷ ከኋላዬ ናት።

"ለምን ትጨፍኛለሽ?"

"እንዳትመችኝ።"

"አልመታሽም እኮ!"

"ኳሷስ?"

ስታበቃ ኳሷን አጥባ፣ ነጠላ ውስጥ ጠቅልላ ወደ ጥናቷ ትሄዳለች። እኔ እንደገና እበት ፍለጋ። ላሞቹ ራሳቸው አልደረሱልኝም፤ ጎረቤት በረት ድረስ ሄጄ እለምን ነበር። ሰው ልጁን ከጎረቤት እሳት እንድታመጣ ይልካል፣ እኔ እበት አምጪ ሆንኩ። ሲመሽ አባዬ ከአጨዳ ሲመለሱ አውድማው እርጥብ ነው፤ ያ ሁሉ እበት ተደራርቦ ወፍሯል፣ ለስልሷል። በእጃቸው ዳሰሱት።

"ይህች ልጅ እጇ የተባረከ ነው። እንዲህ ያለ አውድማ እናቴም አልለቀለቀችም" አሉ።

እታለም ከመጽሐፏ ቀና አላለችም። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። መሳቋ ነው።

*

ነገሩ የወጣው በአያ ሙሉ ነው። አያ ሙሉ ጎረቤታችን ናቸው፤ ለውቂያ በሬዎቻቸውን ከእኛ በሬዎች ጋር ያቀናጃሉ። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ አውድማውን ሊያዩ መጡ። እኔ ያን ዕለት ራስ ምታት ይዞኝ መልሼ አልለቀለቅሁም ነበር። አያ ሙሉ ዳር ላይ ቁጢጥ አሉ።

"ዘለቀ፣ ና እስቲ። ምን አውሬ ነው የረገጠብህ?"

አባዬ መጡ፤ እሳቸውም ቁጢጥ አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ሆነው ክቡን ምልክት ሲያዩ ቆዩ።

"ጅብ አይደለም፤ ጥፍር የለውም" አሉ አባዬ።

"የበሬም አይደለም፤ ሰኮናው አልተሰነጠቀም።"

"ግመል ይሆን?"

"ግመል ከየት መጥቶ? ደግሞ ግመል ባንድ እግሩ ይዘላል እንዴ? እየው፣ አንድ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ እንደገና አንድ። ይህ ነገር ባንድ እግሩ ነው የሚሄደው።"

ሁለቱም አማተቡ። በእኛ አገር፣ እህል አውድማ ሊወጣ ሲል በረከቱን ሊያነሣ የሚመጣ ክፉ ነገር አለ ይባላል። ማንም ስላላየው እግሩ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በማግስቱ አባዬ የነፍስ አባታቸውን ይዘው መጡ።

ቄሱ አባ ተክሌ አቀበቱን በጾም አፋቸው ወጥተው ላባቸው በጢማቸው ይወርድ ነበር። መስቀላቸውን አወጡ፤ ጸሎት አደረሱ፤ ጸበል እየረጩ አውድማውን መዞር ጀመሩ። አባዬ፣ አያ ሙሉና እናቴ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። እኔ እታለምን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳለች። "ዝም በይ" አልኳት በዓይኔ፣ "ይጨርሱና ይሂዱ፣ ነገ እለቀልቀዋለሁ።" አልሰማችኝም። ቤት ገብታ ኳሷን ይዛ ወጣች።

"አባቴ፣ ይፍቱኝ። ጋኔን አይደለም፤ ይቺ ናት።"

አባ ተክሌ ቆሙ። ኳሷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ይቺ ናት የሄደችበት?"

"አዎ፣ አባቴ። እኔ ሳነጥራት።"

"ትናከሳለች?"

አያ ሙሉ ሳቃቸውን ሊይዙ ብለው አስነጠሱ። አባዬ ግን አልሳቁም። ፊታቸው ጠቁሮ፣ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"እኔማ ስለቀልቅ ነበር" አልኩ። ሌላ ምን ልል እችል ነበር? እንደ በሬ የሠራሁ እኔ፣ እንደ ሌባ የታየሁ እኔ።

አባ ተክሌ እታለምን መስቀላቸውን አሳለሟት። "ዘለቀ፣ አውድማ የእግዚአብሔር ገበታ ነው፤ ገበታ ላይ አይዘለልም። ልጅህ ግን ዋሽታ ስታስጸልየኝ አልዋለችም፤ ራሷ ተናግራለች። ይህንንም ያንንም ይዘህ እንደ አባት ፍረድ። ጸበሉ እንደሆነ አይባክንም፤ ተረጭቷል" አሉና ወረዱ።

አባዬ ሲፈርዱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከዚያ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

"ደብረ ታቦር ብለሻል። እህሉ ተወቅቶ፣ ተጣርቶ፣ ጎተራ ገብቶ ካደረ ሂጂ። ካልገባ አንዲት ዘለላ ሳትቀር እስኪገባ ድረስ ከዚህ ግቢ አትነቃነቂም። በአውድማዬ ላይ የዘለለች ልጅ አውድማዬ ባዶ ሳይሆን አትሄድም።"

"መኪናው ከገና በኋላ ባለው ዓርብ ነው የሚሄደው፣ አባዬ።"

"እንግዲያ ፈጣሪን ለምኚ።"

*

ገና አለፈ፤ ውቂያ ተጀመረ። በሬዎቹ ገብሱን ዞሩበት፣ ረገጡት፤ ጭዱ በመንሽ ተነሥቶ ወጣ። መሐል ላይ ገብሱ ከነገለባው ተከመረ። አሁን የቀረው ነፋስ ነው። እህሉ በላይዳ፣ በዚያ በእንጨት አካፋ፣ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል፣ ፍሬው ይወድቃል። ነፋስ ከሌለ ወርውረህ ወርውረህ የሚወድቀው ያው የወረወርከው ነው።

ነፋስም ጠፋ።

ሰኞ የለም። ማክሰኞ የለም። አባዬ አንድ ላይዳ ይወረውራሉ፣ ገለባው ቀጥ ብሎ ጭንቅላታቸው ላይ ይመለሳል። አያ ሙሉ ነፋስ በፉጨት ይጠራል ብለው ከንፈራቸው እስኪደርቅ አፏጩ።

"ምን ላድርግ፣ ዘለቀ? ነፋሱ ሁሉ ነፋስ መውጫ ከተማ ቀርቷል" አሉ። ለሦስት ቀን ይህችኑ ቀልድ ደጋገሟት።

የእኔ ሥራ ዳር ቆሜ ከክምሩ ዶሮና ፍየል ማባረር ነበር። የገብስ ጢም አንገቴ ውስጥ ገብቶ ይበላኛል። እታለም ደግሞ ቁርስ ላይ ወጥታ ሰማይ ታያለች፣ ምሳ ላይ ወጥታ ሰማይ ታያለች፣ ጣቷን በምራቅ አርጥባ ወደ ላይ ትቀስራለች። "ተይ ባክሽ! ብታይው ባታይው ከመጣ ይመጣል!" ብዬ ጮህኩባት። ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እሷ ስታለቅስ አይቼ ስለማላውቅ የበለጠ ተናደድኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቲቸር ሰናይት መጣች። ከአጥሩ ውጭ ቆማ ተጣራች።

"አያ ዘለቀ፣ ነገ ማለዳ መኪናው ከገበያው አጠገብ ይነሣል። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ተዘጋጅተዋል። ያለ ደብሪቱ ብንሄድ ባንሄድ አንድ ነው።"

"ነፋሱን አምጪልኝና ውሰጃት" አሉ አባዬ።

"እህሉ እኮ ለቅዳሜም ይደርሳል፣ አባባ!"

"ለቅዳሜ ይደርሳል። ቃሌ ግን ለቅዳሜ አይደርስም።"

ቲቸር ሰናይት አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አልሄደችም። ሁላችንም ክምሩን ስናይ እታለም ጎተራው አጠገብ ቆማ ቀና ብላ ቀረች።

"ነፋስ አለ" አለች።

"የት ነው ያለው?"

"እዩት፣ ከላይ ነው። የባሕር ዛፉ ጫፍ ይወዛወዛል። እኛ ጉድጓድ ውስጥ ነን፤ አጥሩና የጭዱ ክምር ከልለውናል።"

እውነትም ጫፉ ይወዛወዛል። አባዬ ተነሡና በሙሉ ጉልበታቸው ወረወሩ። ገብሱ ከራሳቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ተመለሰ። አያ ሙሉ ሞከሩ፤ የእሳቸው ደግሞ ጀርባቸው ላይ ነው የወደቀው።

"አታደርሱትም" አለች እታለም። "እኔ አደርሰዋለሁ።"

አባዬ ዞረው አዩዋት። "ሴት ልጅ፣ ውቂያ ላይ?"

"ኧረ አንቱ!" አለች እናቴ ከደጃፉ። "ጸበል ተረጭቷል፣ በሬው ወጥቷል፣ ውቂያው አልቋል። ይህ የቀረው ምን ሊባል ነው? ከዚህ በላይ ልጅቱን ምን አድርጊ ትሏታላችሁ?"

"ሴት ትላታለህ እንዴ? ባሕር ዛፍ በላት፣ ኃጢአትም የለብህ" አሉ አያ ሙሉ።

አባዬ ቀና ብለው የባሕር ዛፉን ጫፍ አዩ። ከዚያ ላይዳውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እጇ ላይ አልሰጧትም፤ መሬት ላይ ነው ያስቀመጡት። "ጫማሽን አውልቂ። አማትቢ። አንዲት ፍሬ ከአውድማው ብትወጣ ግን..." አሉና አልጨረሱም።

እታለም ጫማዋን አወለቀች፣ አማተበች። ላይዳውን ሞላች፤ ጉልበቷን አጠፈች፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ያንን ዝላይ ዘለለች። ገብሱ ወጣ፣ ወጣ፣ ከአጥሩ በላይ፣ ከጎተራው በላይ ወጣና እዚያ አንድ ነገር ያዘው። ገለባው እንደ ጭስ ተነጥሎ ወደ ጎን ሄደ። ፍሬው ዘነበ፤ ግማሹ አውድማው ላይ፣ ግማሹ ሣሩ ላይ።

"እህል ነው! ኳስ አይደለም! ቀስ!" ብለው ጮኹ አባዬ።

"አገኘሁት፣ አባዬ። አሁን አገኘሁት።"

ሁለተኛው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጥቂት ብቻ ሆነ። ትሞላለች፣ ትዘላለች፣ ትለቃለች። አባዬ መጀመሪያ "ቀስ" ይሉ ነበር፤ በኋላ ዝም አሉ፤ በኋላ ራሳቸው ሳያውቁት "ከፍ! ከፍ!" ማለት ጀመሩ። ቲቸር ሰናይት አጥሩ ላይ ወጥታ "ክርንሽን! ክርንሽን አስተካክዪ!" ትላለች። አያ ሙሉ ያጨበጭባሉ። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ አባዬን አየችና መልሳ ዘጋችው።

እኔ ደግሞ ምን ሳደርግ ነበር? አባዬ ወደ እኔ ዞሩና ሣሩን በጣታቸው አሳዩኝ፤ "ልቀሚ" አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ እኔ በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ አንዳንድ ፍሬ ከሣር ውስጥ እለቅም ነበር። አንዱን ሳነሣ ሌላው ጀርባዬ ላይ ይዘንባል። "እታለም፣ ወደ ውስጥ!" እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? ፀሐይዋ ስትጠልቅ ገብሱ ተጣርቶ መሐል ላይ ቢጫ ሆኖ ተቆለለ። በስልቻ አመላልሰው ጎተራ አስገቡት። አባዬ የመጨረሻውን ሲገለብጡ ለእታለም "ተኚ፣ ማለዳ ትሄጃለሽ" አሏት። እኔ የሰበሰብኩትን በእንቅብ ይዤ ስመጣ ግን "ገና እዚያ ጋ አለ" አሉኝ።

*

ዓርብ ማለዳ እናቴ በሶና ቆሎ ቋጥራላት እታለም ሄደች። ማክሰኞ ከቲቸር ሰናይት ጋር ተመለሰች። ጉልበቷ ተልጦ፣ ድምጿ ተዘግቶ ነበር።

"አሸነፋችሁ?" አሉ አባዬ።

"ተሸነፍን።"

"በብዙ?"

"በብዙ፣ አባዬ።"

"ይህን ሁሉ ስናፏጭ የሰነበትነው ለሽንፈት ነው?" አሉ አያ ሙሉ።

"ታዲያ ለምን ትስቂያለሽ?" አሉ አባዬ።

እታለም መናገር አልቻለችም፤ ቲቸር ሰናይት ተናገረችላት። ከባሕር ዳር የመጣ አሰልጣኝ አይቷታል። እዚያ ትምህርት ቤት ሊያስገቧት፣ ማደሪያና ምግብ ሊሰጧት፣ ከትልልቆቹ ጋር ሊያጫውቷት ይፈልጋሉ። የአባት ፈቃድ ብቻ ነው የቀረው። አባዬ ዞረው ጎተራውን አዩ። እናቴ ማልቀስ ጀምራ ነበር፤ ደስታ ይሁን ኀዘን አልለየሁትም።

እኔ ግን ግራ ገባኝ። አጨዳ ያልቃል፣ ውቂያ ያልቃል፣ እህል ጎተራ ይገባል፤ ኳስም እንዲሁ ጊዜ ያለው ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው። አንድ ጊዜ ደብረ ታቦር ሄዳ ብትጫወት ያበቃል፣ ከዚያ እታለም ወደ ቤቷ፣ እኔም ወደ እረፍቴ። እበት የተሸከምኩት፣ ሣር ውስጥ የዳህኩት እንዲያልቅ ብዬ ነበር።

"አላለቀም እንዴ?" አልኩ።

ሁሉም ሳቁብኝ። እታለም ግን አልሳቀችም። መጥታ ፊቴ በርከክ አለች፤ በርከክ ብላም ከእኔ ትበልጥ ነበር።

"ገና መጀመሩ ነው፣ እንጉዴ።"

"እዚያ ማን ይለቀልቅልሻል?"

"ሜዳው ሲሚንቶ ነው። አይለቀለቅም።"

ይህን የነገረችኝ ልታጽናናኝ ነበር። እኔ ግን እጄን ነጥቄ ጓሮ ሄድኩ፤ እስኪመሽ ሲጠሩኝ አልመለስኩም።

አባዬ ፈቀዱ። ከጥምቀት በኋላ ሄደች። እስከዚያ ድረስ እኔና እሷ የምንተኛው አንድ መደብ ላይ ነበር፤ ያንን ረጅም እግሯን ስትዘረጋ እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ነበር የማድረው፤ ሌሊቱን ሙሉ "ጠጋ በይ" ስል፣ እሷ ሳትሰማ ስታንኮራፋ። የሄደች ዕለት እናቴ አጎዛውን አራግፋ አነጠፈችልኝና "አሁንስ ተገላገልሽ፤ እግርሽን ዘርግተሽ ተኚ" አለችኝ።

አልዘረጋሁም። ያን ዓመት በሙሉ፣ በንዴት፣ ከግድግዳው ተጣብቄ ተኛሁ።